የሚያውቁት ሳሉ ያስተምሩልን

ይድረስ ለጋዜጣው የባህል ገጽ አዘጋጅ፣

እንዴት ሰነበታችሁ? ገጻችሁን ሁሌም አነባለሁ። ስለ ዘፋኝ፣ ስለ ተዋናይ፣ ስለ ሰዓሊ ትጽፋላችሁ። ስለ ተወዛዋዥ ግን ረዘም ያለ ነገር አንብቤ አላውቅም። ዘፋኙ ሲነሳ ስሙ ከነአባቱ ይጠራል። ከኋላው ቆሞ ላቡን የሚያፈሰው ልጅ ግን «ተወዛዋዦች» ተብሎ በጅምላ ይታለፋል። ይሄ ያንገበግበኛል። እኔ ድሬዳዋ ተወልጄ ያደግኩ፣ በቀበሌ ኪነት ጀምሬ በባህል ቡድን የተወዛወዝኩ፣ አሁን ደግሞ በሰፈሬ ልጆች የማለማምድ ሴት ነኝ።

ዛሬ የምነግራችሁ ግን ስለ ራሴ አይደለም። ቀምበርኻኒም ስለምትባል፣ ኡይጉር ከሚባለው የቻይና ሙስሊም ሕዝብ ስለወጣች አንዲት ተወዛዋዥ ነው። የተወለደችው ካሽጋር ነው። ካሽጋር በቻይና ምዕራባዊ ጫፍ፣ በሺንጂያንግ ውስጥ ያለች የጥንት የነጋዴ ከተማ ናት። ሙስሊም ከተማ፣ ድሮ ቅፍለት ያርፍባት የነበረች፣ ጠባብ መንገድ የበዛባት፣ ገበያና መስጊድ ጎን ለጎን የቆሙባት። ጀጎልን የሚያውቅ ሰው ካሽጋርን በሐሳቡ ለመሳል አይቸግረውም። እኛ ዘንድ ቻይና ሲባል ባቡሩና የኢንዱስትሪ ፓርኩ ነው የሚታየን። እዚያ አገር ግን መንግሥት ያወቃቸው 56 ብሔረሰቦች አሉ፤ ብዙኃኑ ከሆኑት ከሃን ውጭ ያሉት 55ቱ ደግሞ እያንዳንዳቸው የራሳቸው ዘፈንና ውዝዋዜ አላቸው። ስለ እነሱ ብንሰማ የምንማረው ብዙ ነው፣ ምክንያቱም የእኛም ጥያቄ ከእነሱ ጥያቄ ጋር ይመሳሰላል።

ቀምበርኻኒም ልጅ ሳለች ቤተሰቧ ድንበር ተሻግሮ ወደ ሶቭየት ማዕከላዊ እስያ ተሰደደ። ውዝዋዜን በሥርዓት የተማረችው እዚያ ነው፣ ታሽኬንት ውስጥ። ልብ በሉ፣ ሴት ልጅ በሰው ፊት መድረክ ላይ ወጥታ መወዛወዟ እንደ ነውር የሚቆጠርበት ዘመን ነው። እኛም አገር እኮ እስከ ቅርብ ጊዜ «ልጄ ተወዛዋዥ ናት» ብሎ በኩራት የሚናገር አባት ብርቅ ነበር፤ አሁንም ቢሆን ሽማግሌ ሲላክ ሥራዋ ምንድነው ተብሎ ሲጠየቅ ቤተሰብ አንገቱን የሚደፋበት ቤት አለ። እሷ ይሄን ሁሉ አልፋ በ1940ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ. ነው፣ ከዚህ በኋላም ስለ ቻይና የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደዚያው) ወደ ሺንጂያንግ ተመለሰች። በ1947 ደግሞ ከአንድ የሺንጂያንግ የዘፈንና የውዝዋዜ ቡድን ጋር እስከ ናንጂንግ፣ እስከ ሻንጋይ፣ እስከ ታይዋን ድረስ ዞረች። የእነዚያ ከተሞች ሕዝብ እንዲህ ያለ ነገር መድረክ ላይ ያየው ስንት ጊዜ ቢሆን ነው? ወደ ጎን የሚሄደው አንገት፣ እንደ ጭራሮ የማይደርቀው የእጅ አንጓ፣ ጉልበት ላይ ያለው ትንሽ ንዝረት፣ ድንገት የሚመጣው ሽክርክሪት። በእጅ የተያዙ ሳህኖችን በዜማው ምት እየመታች የምትወዛወዘው የሳህን ውዝዋዜዋ ደግሞ ከሁሉ የበለጠ ስሟን ያስጠራላት ነው።

በዚያ ጊዜ ከእሷ የኡይጉር ውዝዋዜ ከተማሩት አንዷ ዳይ አይሊያን ናት። ዳይ አይሊያን በ1916 ትሪኒዳድ ተወልዳ ለንደን ባሌት ተምራ ወደ ቻይና የሄደች ሴት ናት። በ1954 የቤይጂንግ ውዝዋዜ ትምህርት ቤት ሲከፈት የመጀመሪያዋ ኃላፊ የሆነችውም እሷ ነች። አስቡት፣ ለንደን የተማረች፣ በኋላ የአንድ አገር ትልቁን ትምህርት ቤት የምትመራ ሴት ከካሽጋሯ ልጅ እግር ሥር ቁጭ ብላ ስትማር። እኛ ጋ ይሄ ይሆናል ወይ? ዲግሪ ያለው ሰው፣ የኦሮሞውን ጭፈራ ሸጎዬን በሠርግ ቤት ከለመደች የሐረርጌ እናት ፊት ተማሪ ሆኖ ይቆማል?

አሁን ወደ ዋናው ነገሬ ልምጣ። ቀምበርኻኒም ኮከብ ነበረች። በኮከብነቷ መቀጠል ትችል ነበር። እሷ ግን ከ1950ዎቹ ጀምሮ ጉልበቷን ወደ ማስተማር አዞረች። መጀመሪያ ሺያን ከተማ በነበረው የሥነ ጥበብ ተቋም ውስጥ የአናሳ ብሔረሰቦችን ልጆች አስተማረች፣ ከዚያ ወደ ሺንጂያንግ ዋና ከተማ ኡሩምቺ ሄዳ በሺንጂያንግ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ሠራች። ያደረገችው ነገር ሲነገር ቀላል ይመስላል። በጭፈራ መሀል ሰው ሳያስበው የሚሠራውን እንቅስቃሴ በየክፍሉ ለየችው። አንገት ለብቻ። አንጓ ለብቻ። አቋቋም ለብቻ። ሽክርክሪት ለብቻ። ከዚያ ከቀላሉ ወደ ከባዱ ደረጃ አበጀችለት፣ ኡይጉር ያልሆነ ልጅ እንኳ ከዜሮ ጀምሮ ሊማረው እንዲችል። ከእጇ የወጡት ልጆች ራሳቸው አስተማሪ ሆኑ።

ይሄ ሥራ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል። ራስህ አሳምረህ መወዛወዝ ሌላ ነው፣ ትከሻህ ለምን በዚያ ሰዓት እንደሚመታ ለልጅ ማስረዳት ሌላ። እኔ ልጆችን ሳለማምድ የሚገጥመኝ ይሄው ነው። «እይኝና እንደኔ አድርጊ» የሚለው እስከ አንድ ቦታ ድረስ ብቻ ያስኬዳል። ከዚያ በኋላ ልጅቷ ቅርጹን ትይዛለች እንጂ ውስጡን አትይዝም። ትንፋሹ የት ነው? ክብደቱ በየትኛው እግር ላይ ነው? ዓይን ወዴት ያያል? ሸጎዬ ላይ ወንዱና ሴቷ ፊት ለፊት ቆመው አንገትና ጭንቅላታቸው በአንድ ምት ሲሄድ፣ ከበሮ እንኳ ሳይኖር በዘፈኑ ብቻ ሁለቱ እንዴት አይዛነፉም? ይሄንን የሚመልስ ሰው ያስፈልጋል፤ ሰውየው ደግሞ አለ፣ ሴትዮዋም አለች፣ ችግሩ ማንም አይጠራቸውም።

ምን እንደሚደረግ ልንገራችሁ። የእንግዳ አቀባበል ሲኖር፣ በዓል ሲደርስ፣ ባለሥልጣን ሲመጣ የባህል ቡድን ይጠራል። ልጆቹ ፀሐይ ላይ ይቆማሉ። የኦሮሞው፣ የሶማሌው፣ የሐረሪው፣ የአማራው፣ የጉራጌው፣ የአርጎባው ሁሉ በአንድ ሙዚቃ ተቀጣጥሎ በሩጫ ያልፋል። አንዱ ውዝዋዜ ገና ሲሞቅ ልብስ ተቀይሮ ሌላው ይገባል። ልጆቹ ያን ሁሉ ከየት ተማሩት? ከስልክ። ከቪዲዮ ክሊፕ። አዲስ አበባ ስቱዲዮ ውስጥ ተቀርጾ የመጣውን ሸጎዬ የድሬ ልጅ ከስልክ ይማረዋል፤ ትክክለኛውን የምታውቀው ሴትዮ ግን ሁለት መንደር አልፋ ቁጭ ብላለች። አቦ፣ ይሄ ምን ይባላል?

በአንድ ወቅት እኔ በነበርኩበት አንድ ቡድን ውስጥ (ስሙን አልጠራም) ከገጠር የመጡ እናት ነበሩ። ሸጎዬውን፣ የሠርጉን ዘፈን፣ ልጃገረድ የምታወጣውን ግጥም ሁሉ ያውቁታል። ልጆቹ ይወዷቸው ነበር። ሲያሳዩዋቸው ይቆጣሉ፣ «አንቺ ልጅ፣ እንደሱ አይደለም፣ እንደገና!» ይላሉ። እንዲቀጠሩ ብንጠይቅ የትምህርት ማስረጃ አምጡ ተባለ። የስምንተኛ ክፍል ካርድ! እማማ ምን ካርድ አላቸው? የቀን አበል ተሰጣቸው፣ እሱም ተቋረጠ፣ ከዚያ ወደ ገጠራቸው ተመለሱ። ከእሳቸው ጋር ስንት ዘፈን እንደሄደ ሳስበው እስከ ዛሬ ያመኛል። በቻይና ታሪክ ካየሁት ሁሉ ልቤን የነካው እንግዲህ ይሄ ነው። ካሽጋር የተወለደችው ሴት ማስተማሪያ ክፍል ተሰጣት። ደሞዝ ተሰጣት። «አስተማሪ» ተባለች።

ይሄን ስል የዚያን አገር መንግሥት ለማመስገን አይደለም። መንግሥት ውዝዋዜን ሲደግፍ የራሱንም ጉዳይ ይዞ ነው የሚመጣው፤ «ብሔረሰቦቻችን ደስተኞች ናቸው» የሚለውን መልእክት የሚሸከመው ተወዛዋዡ ነው። ይሄንን የደርግ ዘመን ኪነት ያየ ሰው አያጣውም። በየቀበሌው ኪነት ነበር፣ ብዙ ጎበዝ ልጅ ከዚያ ወጥቷል፣ ግን መፈክሩንም አብረን ነበር የምንጨፍረው። ቀምበርኻኒምም ከ1966 እስከ 1976 በቆየው፣ አርቲስትና ምሁር በተሳደደበት የቻይና የባህል አብዮት እንደ ብዙ አርቲስቶች መከራ ደርሶባታል። ያ ሲያልፍ ተመልሳ ሠራች። ያረፈችው በ1994 ነው።

ከእሷ በኋላ የመጣችውን ያንግ ሊፒንግን ደግሞ ብዙ ሰው በቪዲዮ አይቷት ይሆናል። ጣዎስ ሆና የምትወዛወዘዋ፣ ጣቶቿ የወፍ አንገትና ምንቃር የሚሆኑት ቀጭኗ ሴት። ባይ ከሚባለው ብሔረሰብ ናት፣ በ1958 ዩናን በሚባለው የደቡብ ምዕራብ ቻይና ክፍለ ሀገር፣ ዳሊ ተወለደች። የውዝዋዜ አካዳሚ ገብታ አልተማረችም። በ1971 የሺሽዋንግባና የዘፈንና የውዝዋዜ ቡድን ተቀላቀለች፣ እዚያ ከሚኖረው ዳይ ከሚባለው ብሔረሰብ መንደሮች መሀል ኖረች፣ ዐይኗን ከፍታ አየች። በ1986 ባወጣችው የጣዎስ ውዝዋዜ በአገር አቀፍ ውድድር አንደኛ ወጣች። እዚህ ላይ አንድ የሚያከራክር ነገር አለ፣ ጣዎሱ የዳይ ሕዝብ ነው፣ እሷ ደግሞ ባይ ናት። የሌላውን ወስዳ ነው ወይ የከበረችው? ለእኛ ለድሬዎች ይሄ ጥያቄ እንግዳ አይደለም። እዚህ የአማራ ልጅ የሶማሌ ዳንቶ ይወዛወዛል፣ የጉራጌ ልጅ ሸጎዬ ያውቃል፣ አብሮ ስላደገ ነው፣ ማንም ቅር አይለውም። እኔ እንደሚመስለኝ የሌላውን መወዛወዝ ነውር የለበትም፣ ያስተማረህን ሰው ስም ሳትጠራ መቅረት ግን ነውር ነው። ገንዘቡ ለማን ይደርሳል የሚለውም እንደዚያው።

ያንግ ሊፒንግ በ2003 በዩናን ዋና ከተማ ኩንሚንግ ላይ የከፈተችው ትልቅ ትርኢት ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ከተወዛዋዦቹ አብዛኞቹን ከየመንደሩ ነው የሰበሰበቻቸው፤ ገበሬዎች፣ እረኞች፣ በትምህርት ቤት ደጃፍ ያላለፉ ሰዎች። የራሳቸውን ከበሮ፣ የራሳቸውን ዘፈን፣ የራሳቸውን እርምጃ ይዘው መድረክ ወጡ፣ ከዚያም በየከተማው ዞሩ። የስምንተኛ ክፍል ካርድ የጠየቃቸው የለም። ይሄ ሁሉ በቲኬት የሚኖር ነበርና በ2020 ኮሮና ሲመጣ የኩንሚንጉ ቡድን ተበተነ። እኔ ከዚህ የተረዳሁት፣ ውዝዋዜ በቲኬት ብቻ ከተንጠለጠለ አንድ ክፉ ዓመት ይበቃዋል። ክፍል ውስጥ የገባ፣ አስተማሪ ያለው፣ ደመወዝ የተቆረጠለት ግን ክፉ ዓመትን ይሻገራል።

ግን እዚህም ላይ ማቆም አልችልም፣ ምክንያቱም የኡይጉሮች ታሪክ ሌላ ከባድ ነገር ያስተምረናል። መሽረፕ የሚባል ስብሰባ አላቸው። ሰፈርተኛ ይሰበሰባል፣ ይዘፈናል፣ ይጨፈራል፣ ጨዋታ አለ፣ ግጥም አለ፣ ያጠፋ ሰው ፊት ለፊት ይዳኛል፣ የተጣላ ይታረቃል፣ ልጅ ሥርዓት ይማራል። እድር የሚመስለውን የእኛን ሐረር አፎቻና የሰፈር ሽምግልና ከጭፈራ ጋር ባንድ ላይ አስቡት። ዩኔስኮ በ2010 መሽረፕን አስቸኳይ ጥበቃ ከሚያስፈልጋቸው ቅርሶች ተርታ መዘገበው። ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት ግን ሕዝቡ በራሱ የሚያደርገው ስብሰባ እየተከለከለ፣ በመድረክ የሚታየው ደግሞ እየደመቀ ሄደ። ከ2017 ጀምሮ ደግሞ ብዙ ኡይጉሮች ታስረዋል፣ አርቲስትና ምሁር ሳይቀር። የሕዝቡን ባህል በየመንደሩ እየዞረች ስታጠና የኖረችው ራሒሌ ዳውት በ2017 መጨረሻ ጠፍታ፣ የዕድሜ ልክ እስራት እንደተፈረደባት የተሰማው በ2023 ነው። ቀምበርኻኒም ደረጃ ያበጀችለት ውዝዋዜ ዛሬም በየመድረኩ ይታያል። የተወለደበት ግቢ ግን ዝም እንዲል ተደርጓል። ይሄንን ሳነብ ደረቴ ነው የጠበበኝ።

ለምን ይሄን አነሳሁ? የእኛም የሐረሪዎች በዓል ሸዋሊድ በዚያው በ2023 በዩኔስኮ ተመዝግቧል። እሰየው! ሐረር ሄጄ ደስታውን አይቻለሁ። ከረመዳን በኋላ የሸዋል ስድስቱ ቀን ጾም ሲያበቃ፣ በየአዋቹ፣ ማለትም በየወልዮቹ መካን፣ ከበሮው ሲመታ፣ የእንጨት ማጨብጨቢያው ከበል ሲንኳኳ፣ ሴቶቹ በዚያ በቀለሙ ልብስ ተሰልፈው ሲያዜሙ፣ እድሜ ለሰጠው የሚታይ ነገር ነው። የእኛ ሁኔታ ከኡይጉሮቹ ጋር አንድ አይደለም፣ አልሐምዱሊላህ፣ ማንም አትሰብሰቡ ያለን የለም። ግን ከተመዘገበ ወዲህ የማየው ነገር ያሳስበኛል። መድረኩ እያደገ ነው፣ ድምፅ ማጉያው እያደገ ነው፣ ባነሩና ስፖንሰሩ እያደገ ነው። ዚክሪውን፣ የምስጋና ዜማውን፣ ከነግጥሙ የሚያውቁት፣ ከበሮው የት ላይ እንደሚከብድና የት ላይ እንደሚፈጥን የሚያውቁት አዛውንት ግን እያነሱ ነው። ወጣቱ ስልኩን ከፍ አድርጎ ይቀርጻል። የቀረጸውን ግን ስንቱ ራሱ ማድረግ ይችላል?

ድሬዳዋ ደግሞ ይህን የማስተማር ነገር በራሷ የጀመረች ከተማ ናት። በእኛ አቆጣጠር በ1950ዎቹ አፍራን ቀሎ የሚባለው የኦሮምኛ ሙዚቃ ቡድን እዚሁ ሲቋቋም ትምህርት ቤትም በጀትም አልነበረውም። በኦሮምኛ መዝፈን በራሱ የሚያሳስር ነገር ነበር። ልጆቹ ግን ተሰባሰቡ፣ ትልቁ ለትንሹ አሳየ፣ አሊ ቢራ የወጣው ከዚያ ነው። አሊ በ2015 ዓ.ም. ሲያርፍ አገር በሙሉ አለቀሰ፣ ይገባዋል። ከዘፋኞቹ ጋር አብረው የተወዛወዙትን ግን ማን ጠየቃቸው? ማን ስማቸውን ጻፈ?

እንግዲህ የምለው ይሄ ነው። በየሰፈሩ፣ በገንደ ቆሬም ይሁን በደቻቱ፣ በጀጎል ውስጥም ይሁን ከጀጎል ውጭ፣ በገጠሩም ጭምር፣ ውዝዋዜውን የሚያውቁትን ሰዎች ባህል ቢሮው ይመዝግባቸው። የክፍል ካርድ ሳይጠይቅ። ፈተናው ውዝዋዜው ራሱ ይሁን፤ ሌሎች አዋቂዎች ይቀመጡና ይዩዋቸው፣ «ያውቃል» ካሉ ያውቃል። ከዚያ ወርኃዊ ክፍያ ይቆረጥላቸው፣ ብዙ ባይሆንም በየወሩ የማይቀር። አጠገባቸው ደግሞ የተማሩ ወጣቶች ይቀመጡና እንቅስቃሴውን በየክፍሉ እየለዩ ይጻፉት፣ ይቅረጹት፣ ቀምበርኻኒም እንዳደረገችው ከቀላሉ ወደ ከባዱ ደረጃ ያብጁለት። የባህል ቡድኖቹም በየበዓሉ ስድስት ውዝዋዜ በሩጫ ከሚያሳዩን አንዱን ብቻ በሙሉ ያሳዩን፣ ከነመነሻው፣ ከነግጥሙ፣ እስኪሞቅ ድረስ። እንግዳውም ቢሆን አንዱን በደንብ ቢያይ ይሻለዋል።

ግቢው እንዳይረሳ ደግሞ። ትምህርቱ አዳራሽ ውስጥ ብቻ ከሆነ የኡይጉሮቹ ነገር በሌላ መንገድ ይመጣብናል። ልጆቹ ሠርግ ይሂዱ። ሸዋሊድ ላይ ሳይቀርጹ ይሰለፉ። ገጠር ወርደው ሸጎዬ ሲጨፈር ቆመው ከማየት ይልቅ ገብተው ይጨፍሩ። አስተማሪዋ እዚያው ትቁም፣ እዚያው ትቆጣ።

ባህል ቢሮ የሚሠሩ ሰዎች ይሄንን ካነበባችሁ በጀት የለም እንደምትሉ አውቃለሁ። ለአንድ የአቀባበል ቀን ለድንኳን፣ ለወንበርና ለድምፅ ማጉያ የሚወጣውን አስቡና እሱ ለስንት ወር የአስተማሪ ክፍያ እንደሚሆን ራሳችሁ አስሉት። እናንተም የጋዜጣው ሰዎች አንድ ነገር ልለምናችሁ። የሚቀጥለው ሸዋሊድ ሲደርስ ጋዜጠኛ ትልካላችሁ፣ ሁሌም ትልካላችሁ። በዚህ ጊዜ መድረኩን ፎቶ አንስቶ እንዳይመለስ። ከበሮ የሚመቱትን አዛውንት ስማቸውን ይጠይቃቸው፣ ከማን እንደተማሩ ይጠይቃቸው፣ አሁን ማንን እያስተማሩ እንደሆነ ይጠይቃቸው፤ መልሳቸውንም ከነስማቸው አትሙልን።

አክባሪያችሁ፣
ከድሬዳዋ አንዲት ተወዛዋዥ